«ባዶ ነው» አትበለኝ፣ ከፍተህ አሳየኝ

የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ሾትጋን ልገዛ ነው። ባለ ሁለት አፉ ይሻላል ወይስ አውቶማቲኩ?»

ሾትጋን በአንድ ጥይት ብዙ ትናንሽ የእርሳስ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ልተኩስ፣ ማለትም ማሽን ወደ አየር የሚወረውራትን ትንሽ የሸክላ ሳህን ልመታ ስሄድ አንዳንዴ አብሮኝ ይመጣል። በእኔ ጠመንጃ ጥቂት ሸክላዎች አድቅቋል። ያቺ ብርቱካናማ ሸክላ አየር ላይ ብናኝ ስትሆን አንዴ ያየ ሰው አይድንም። ስለዚህ ጥያቄው አልገረመኝም።

«የት ልታስቀምጠው ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቦታ አለ» አለኝ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ካዝና ግዛ። ጠመንጃው ይደርሳል።»

ቅር እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር አንድ አንድ ነገር እነግረዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። እኔ መሣሪያ ጠጋኝ አይደለሁም፣ ወታደርም ሆኜ አላውቅም። ከ20 ዓመት በላይ ለመዝናናት ስተኩስ የኖርኩ፣ አንዴም በራሴ ጥፋት ጠመንጃ የባረቀብኝ ሰው ነኝ። ፈቃዱ፣ ዕድሜው፣ ምዝገባው በየሀገሩ ይለያያል። የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ አንብቡ። ሕጉ ከእኔ ምክር ከጠበቀ ሕጉን ያዙ። ከላላ ግን ምክሬን አትተዉ።

ካዝናው

ካዝና ስል ወለል ወይም ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሳጥን ማለቴ ነው። ያልታሰረ ካዝና ሌባን ደስ ያሰኘዋል። ሁለት ሆነው ተሸክመውት ሄደው ቤታቸው ተረጋግተው ይከፍቱታል። ጥይቱ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ባለው ሌላ ሳጥን ይቀመጥ። አንዱን የከፈተ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ቁልፉ ላይ ነው። ካዝናውን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከካልሲ ሥር ይደብቀዋል። ልጆች ደግሞ ቤት ውስጥ የማያውቁት ጥግ የለም። የተደበቀ የልደት ስጦታ የሚያገኝ ልጅ ቁልፉንም ያገኛል። ቁልፉ ከእናንተ ኪስ አይለይ። ካልሆነ በቁጥር የሚከፈት ካዝና ግዙ፤ ቁጥሩም የልደት ቀናችሁ አይሁን። ልጆቹን «ጠመንጃ ካያችሁ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ» ብላችሁ አስተምሩ። ይህ ትምህርት ግን ከቁልፉ ጋር እንጂ በቁልፉ ፋንታ አይደለም።

ሰው ማውራት የማይወደው ሌላ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ከባድ ሐዘን ወይም ድብርት የያዘው ሰው ካለ፣ ጠመንጃው ለጊዜው ከቤት ይውጣ። ያ ሰው እናንተ ብትሆኑም። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ያልፋል። ጠመንጃ ግን የመጸጸቻ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ሥራ አጥቼ እንቅልፍ በራቀኝ ወቅት የእኔን ጠመንጃ «አስቀምጡልኝ» ብዬ ለተኩስ ክለባችን ለአራት ወር ሰጠሁ። ጸሐፊው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቅጹን ሞላ፣ ፈረምኩ፣ ሄድኩ። እናንተ ዘንድ ሕጉ ለማን ማስረከብ እንደሚፈቅድ ደህና ባላችሁበት ጊዜ ጠይቃችሁ እወቁ። በዚያ ሰዓት ለመጠየቅ ጉልበት አይኖርም።

የባረቀ ቀን

አሁን ወደ ጥፋቴ። ያኔ የምተኩሰው በአውቶማቲክ ሾትጋን ነበር። አንዱን ስትተኩሱ ቀለሁን ራሱ ተፍቶ ቀጣዩን ያጎርሳል። ለመጨረሻዎቹ ጥንድ ሸክላዎች ሁለት ጥይት አጎረስኩ። አንደኛዋን መታኋት። ሁለተኛዋ ከማሽኑ ተሰብራ ወጣችና አልተኮስኩባትም። ከኋላዬ ያለው ወዳጄ በዚህ ላይ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። እየሳቅኩ ከቦታዬ ወረድኩ። በአእምሮዬ ውስጥ ዙሩ አልቋል፣ ጥይቱም አልቋል።

ጠረጴዛው ጋ ደርሼ ጠመንጃውን ከረጢቱ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት፣ ሞላው ተወጥሮ እንዳይቆይ ብዬ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ ቃታውን ሳብኩ።

ድም!

ከጫማዬ ጫፍ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ተከፈተ። ሾትጋን ፍሬውን የሚበትነው ከራቀ በኋላ ነው። በዚያ ቅርበት የእርሳሱ ፍሬ ሁሉ እንደ አንድ ድንጋይ ሆኖ ይገባል። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ አፈር ለበሰ። ሜዳው ጸጥ አለ። የሜዳው ኃላፊ ቀስ ብሎ መጣ፣ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደ፣ መዝጊያውን ስቦ አየና «ለዛሬ ይበቃሃል» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ሳስበው ምልክቱ ፊቴ ላይ ነበር። የእኔ ጠመንጃ የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ መዝጊያው ክፍት ሆኖ ነው የሚቀረው። ያን ቀን ተዘግቶ ነበር። አየሁት፣ ግን አላየሁትም። አእምሮዬ «ጨርሰሃል» ስላለኝ ዓይኔ ሥራውን ተወ። የዳንኩት አፈሙዙን ወደ መሬት የማድረግ ልማድ ስለነበረኝ ብቻ ነው። አንዱ ልማድ ሲከዳኝ ሌላው ያዘኝ። ደንቦቹ ብዙ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ካልከዱ ሰው አይሞትም።

ከዚያ ወዲህ «ባዶ መሆኑን አስታውሳለሁ» የሚል ነገር ከእኔ ዘንድ የለም። ወይ አሁን አይቻለሁ፣ ወይ ጎርሷል።

ባዶነቱ እንዴት ይታያል?

ታጣፊው፣ ማለትም ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ወይም አንዱ ባንዱ ላይ የሆኑለት፣ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከላይ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣት ትገፏታላችሁ፤ ጠመንጃው ከወገቡ ይታጠፋል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች አፍጠው ያዩአችኋል። በሜዳ ስትንቀሳቀሱ እንደታጠፈ ክንዳችሁ ላይ ተሸከሙት። ሃያ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ሳይጠይቃችሁ ባዶ መሆኑን ያያል። ለጀማሪ ይህንን የምመክረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ፓምፑ፣ ማለትም የፊት እጀታውን በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳባችሁ የምታጎርሱት፣ እና አውቶማቲኩ ጥይት የሚደብቁበት ቦታ አላቸው። ከዋናው ቱቦ ሥር ሌላ ቱቦ አለ፤ ትርፍ ጥይቱ የሚሰለፈው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሦስት ቦታ ፈልጉ። አንደኛ ከሥር ባለው ቱቦ ውስጥ፣ ሁለተኛ ጥይቱን ወደ ላይ በምታነሳው ማንሻ ላይ፣ ሦስተኛ ጥይቱ ሊተኮስ በሚተኛበት በጥይት ቤቱ ውስጥ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ከሥር ያለውን ቱቦ ሳታራግፉ ጥይት ቤቱን ብቻ ባዶ አድርጋችሁ መዝጊያውን ብትመልሱ፣ ራሳችሁ አዲስ ጥይት አጎረሳችሁ ማለት ነው። ሦስቱንም ካያችሁ በኋላ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ። በምሽት ወይም ጥላ ውስጥ ዓይን ይሸወዳል፤ ጣት አትሸወድም። ከዚያ መዝጊያውን ክፍት አድርጋችሁ ደማቅ ቀለም ያላትን የፕላስቲክ ባንዲራ ጥይት ቤቱ ላይ ሰኩ። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ ከሩቅ ትናገርላችኋለች።

ጠመንጃ ስታቀብሉም ስትቀበሉም ክፍት ሆኖ ነው። ሰጪው አሁኑኑ ፊታችሁ ቢያየውም እናንተ ደግማችሁ እዩ። ባለፈው ሳምንት ከፍቼ አይቼ፣ አሳይቼው ለእህቴ ልጅ ሳቀብለው፣ አጎንብሶ ደግሞ አየ። ከዚያ እንዳፈረ ሰው ፈገግ አለ። «አጎቴ፣ አንተን ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም» አለኝ። አትመነኝ አልኩት። እኔ መሬት የቀደድኩ ሰው ነኝ።

አፈሙዙ ሁልጊዜ ማንንም ወደማይጎዳበት አቅጣጫ ይሁን፤ ሲጠረግም፣ ሲታይም፣ ፎቶ ሲነሳም። ጣት ደግሞ ቃታ ላይ የሚያርፈው ጠመንጃው ትከሻ ላይ ሆኖ ሸክላዋን ስትከተሉ ብቻ ነው። እስከዚያ ከቃታው በላይ ብረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛ። ምክንያቱ ጨዋነት አይደለም። ሰው ሲደናቀፍ ወይም በአንድ እጁ አንድ ነገር ጨብጦ ሲይዝ ሌላኛው እጁም ሳያዝዘው አብሮ ይጨብጣል። ሰውነታችን እንዲህ ነው የተሠራው። ያኔ ጣቱ ያለበት ቦታ ነው የሚወስነው።

ሴፍቲውን፣ የደህንነት መቆለፊያውን፣ ከልክ በላይ አትመኑት። ብዙ ሾትጋኖች ላይ ሴፍቲው የሚያግደው ቃታውን ብቻ ነው። ከውስጥ ያለው መቺ ግን እንደተወጠረ ነው። ጠመንጃው ወድቆ ጠንካራ ነገር ላይ ቢመታ ሴፍቲው እያለም ሊባርቅ ይችላል። ስለዚህ አጥር ከመዝለላችሁ፣ ቦይ ከመሻገራችሁ፣ መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጥይቱ ይውጣ። ሴፍቲ ላይ ማድረግ አይበቃም።

ቢጫዋ ጥይት

ይቺን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ጀማሪው ቀርቶ ነባሩም ይሳሳትባታል።

የሾትጋን ስፋት የሚለካው በጌጅ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይሰፋል። ነገሩ ድሮ የመጣ ነው፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ፣ በቱቦው ልክ ስንት ድቡልቡል ይወጣል ብለው ይቆጥሩ ነበር። 12 ከወጣ 12 ጌጅ፣ 20 ከወጣ 20 ጌጅ። የ12ቱ ቱቦ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ የ20ው ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው።

አሁን አንዲት የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ገባች እንበል። አትያዝም። ጥይት ቤቱን አልፋ ትንሽ ወደ ፊት ትወርድና ትቀረቀራለች። ቃታ ትስባላችሁ፣ «ቀጭ» ይላል፣ ምንም የለም። ትከፍታላችሁ፣ ባዶ ይመስላል። «ለካ ሳላጎርስ ነው» ትሉና የ12 ጌጅ ጥይት ታስገባላችሁ። ልክ ይገባል፣ ይዘጋል። ከፊቱ ግን ሌላ ጥይት ተወትፏል። ስትተኩሱ ቱቦው ይፈነዳል። የሚፈነዳውም ጠመንጃውን በደገፈው እጃችሁ አካባቢ ነው።

የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ዓይን ላይ ጎልቶ እንዲታይ። ቀለሙ ግን ብቻውን አያድንም። እኔ ቤት ሁለቱም ጌጅ አለ። ባለቤቴ የምትተኩሰው በ20 ነው። ስለዚህ የማይሻር ደንብ አለን፦ አንድ ሰደርያ፣ አንድ ጌጅ። የእሷ ሰደርያ የእሷ ነው፣ የእኔ የእኔ። ብድር የለም። ከሜዳ ስንመለስ ኪሶቹ ይገለበጣሉ። ከተኮስኩ በኋላ ጥርጣሬ ከገባኝ ከጥይት ቤቱ በኩል በቱቦው ውስጥ ብርሃን አያለሁ። ክብ ብርሃን ካልታየኝ አላጎርስም።

ርዝመትም አለ። ቱቦው ላይ 70 ወይም 76 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ ጥይት ቤቱ በሚሊ ሜትር ነው። 76ቷ ጥይት 70 ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ትገባለች፤ አደጋውም እሱ ነው። ጥይት ካርቶን ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከተተኮሰች በኋላ፣ የታጠፈው አፏ ሲዘረጋ ያላት ነው። የሚዘረጋበት ቦታ ካጣች መውጫው ይጠብባትና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። አጭሯን ረጅም ቤት ውስጥ መተኮስ ይቻላል፤ ረጅሟን አጭር ቤት ውስጥ ፈጽሞ።

ድምፁ ሲለወጥ

አንድ ጊዜ ሰደርያዬ ኪሱ ሳይገለበጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገባ። አንዲት ጥይት ከልብሱ ጋር ታጥባ፣ ተሽከርክራ ወጣች። ባለቤቴ በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችኝ፤ ምንም አላለችም። መጣል ነበረብኝ። ስስት ያዘኝና አደረቅኳት፤ ቅዳሜ ተኮስኳት።

«ፑፍ» አለች። በትከሻዬ ምንም አልገፋችም። ከአፈሙዙ ጥቂት ጭስ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው መቆም። ባሩዱ በደንብ ካልነደደ፣ ፍሬውን የሚይዘው የፕላስቲክ ኩባያ ቱቦው መሃል ተወትፎ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩን ጥይት ከተኮሳችሁበት ቱቦው ያብጣል ወይም ይቀደዳል። ጠመንጃውን ከፈትኩ፣ ቱቦውን ፈታሁና በብርሃን አየሁ። ጨለማ ነው። ኩባያው እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። በመወልወያ ዘንግ ገፍቼ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የረጠበች፣ የዛገች፣ የተጨፈለቀች ጥይት ለክለቡ የተበላሸ ጥይት ማጠራቀሚያ ነው የምሰጣት።

ቃታ ስባችሁ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጥይቷ ከሽፋ ይሆናል፤ ወይም ዘግይታ ልትተኮስ ይሆናል። ጠመንጃውን ከትከሻ አታውርዱ፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። የሜዳችሁ ደንብ አንድ ደቂቃ ካለ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ፊታችሁን ከመክፈቻው ራቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሠላሳ ሰከንድ ሰው እየጠበቃችሁ ረጅም ነው፤ እያፈራችሁም ቢሆን ቁጠሩ።

ፍሬው የት ይደርሳል?

ለሸክላ የምንተኩሰው ፍሬ ትንሽ ነው፤ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር። ሸክላ የሚሰብረው 40 ሜትር አካባቢ ድረስ ነው። መሬት ሳይነካ የሚሄደው ግን 200 ሜትር ገደማ ነው። የሸክላ ሜዳዎች ከፊት ለፊታቸው ሰው የማይረግጠው እስከ 300 ሜትር የሚደርስ ቦታ የሚተዉት ለዚህ ነው። ፍሬው ሲተልቅ ርቀቱ ይጨምራል። በአንድ ድፍን እርሳስ የሚሠራው የሾትጋን ጥይት ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ለሸክላ ሜዳ አይደለም፤ ኪሳችሁ ውስጥም አይገኝ። ውኃና ድንጋይ ላይ የተኮሱት ፍሬ ነጥሮ ወደ ጎን እንደሚሄድም አትርሱ።

ሜዳ ላይ

ጆሮዬ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የማትተኛ ፌንጣ አለች። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ጆሮዬን ሳልሸፍን ስለተኮስኩ የተሰጠችኝ ናት። የ12 ጌጅ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል። ከ140 በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ጊዜ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። የጠፋ መስማት አይመለስም። መሸፈኛው ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ቆሞ ለሚያየውም ነው። መነጽርም እንዲሁ። የሸክላ ስባሪ ከላይ ይወርዳል፣ አውቶማቲኩም የጋለ ቀለህ ወደ ጎን ይተፋል።

ጥይት የሚጎርሰው መተኮሻ ቦታው ላይ ቆማችሁ ተራችሁ ሲደርስ ነው። አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ አይደለም። ጀማሪ ሲሆን አንድ ጥይት ብቻ ይጉረስ። ሲስት ወይም ሲመታ ደስ ብሎት ወደ ኋላ ዞር ይላል፤ ሁሉም ሰው ይዞራል። ያኔ ጠመንጃው ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ቀን ሳስተኩሰው ትከሻው ጀርባ ተጠግቼ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያዋን ሸክላ ሲመታ እጄ ቀኝ ትከሻው ላይ ነበረች፤ ሲዞር አስቀረሁት።

ማንም ሰው «አቁም» ካለ ይቆማል። የሜዳው ኃላፊ መሆን የለበትም። መጠጥ የቀመሰ፣ እንቅልፍ የሚያንገላታው፣ አናት የሚያዞር መድኃኒት የወሰደ ሰው ያን ቀን ተመልካች ነው። በዚህ ጉዳይ አልከራከርም።

ተኩስ ጉልበት ይጠይቃል ብለው የሚጨነቁ አሉ። አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሊምፒክ ወንዶችና ሴቶች አብረው በተወዳደሩበት ስኪት በሚባለው የሸክላ ተኩስ ዓይነት ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። ወንዶቹን ሁሉ ጥላ። በቀጣዩ ኦሊምፒክ ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነና ወርቋን መከላከል እንኳ አልቻለችም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለማንኛውም፣ ትከሻ የሚያበልዘው አያያዝ ነው። መጀመሪያ ሰደፉ ጉንጭ ይንካ፣ ከዚያ ትከሻው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። በቀላል ጥይት ጀምሩ፤ 24 ግራም ፍሬ ያለው ይበቃል። በኦሊምፒክም የሚፈቀደው እስከዚያ ብቻ ነው።

ቤት ሲገባ

ጠመንጃውና ጥይቱ ተለያይተው፣ በከረጢት ተሸፍነው ቤት ይድረሱ። መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ጥሎ መውረድ የለም። እጅ ከምንም በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ጣት ላይ ሆኖ ወደ አፍ ይሄዳል። ሜዳ የዋለው ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ኪሱ ደግሞ ይገለበጥ፤ እኔን አይታችኋል።

ስትወለውሉ ጠረጴዛው ላይ አንድም ጥይት አይኑር፤ ሌላ ክፍል ይሁን። መስኮት ክፈቱ። ዘንጉን ከጥይት ቤቱ በኩል አስገቡ፤ በብረት ብሩሽ፣ ቀጥሎ በማጽጃ የራሰ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ደረቅ። ዘይት በስሱ። ጠመንጃውን ሰደፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ካቆማችሁት ዘይቱ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ የእኔ አሮጌ ጠመንጃ አንገቱ ላይ የጠቆረው በዚህ ነው። ለስላሳ ገበር ባለው ከረጢት ውስጥም አታሳድሩት፤ ገበሩ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ይዝጋል። ካዝናው ከመዘጋቱ በፊት በቱቦው ውስጥ አንዴ ብርሃን እዩ። ጨርቅ ረስተው ውስጡ የዘጉ ሰዎች አሉ።

ግዢው

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ታጣፊው ለመፈተሽ ቀላል ነው። አውቶማቲኩ ትከሻ ላይ ግፊቱ ትንሽ ይለዝባል፣ ቀለህ ግን መልቀም አለባችሁ። ከሁለቱም በላይ ግን ልክ ይበልጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አድርጉና ግለጡ። ቱቦውን ከላይ ቀጥ ብሎ ካያችሁት ይሆናችኋል። ወደ ጎን ወይም ወደ ሰማይ ካየ፣ ቢያምርም የሌላ ሰው ነው። የትኛው ዓይናችሁ እንደሚያይል አስቀድማችሁ እወቁ። ጣታችሁን ሩቅ ነገር ላይ በሁለት ዓይን አነጣጥሩ፣ ከዚያ አንዱን ጨፍኑ። ጣቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ የተገለጠው ዓይን ነው ያየለው።

ያገለገለ ታጣፊ ከሆነ፣ ባዶነቱን አይታችሁ ቱቦዎቹን ከሰደፉ ለዩ። በብርሃን ፊት ውስጣቸውን እዩ። እንደ ቀለበት የሚደራረቡት የብርሃን ክቦች አንድ ቦታ ላይ ከተጣመሙ፣ እዚያ ጋ ቱቦው ጎብጧል ወይም አብጧል። ከዚያ ቱቦዎቹን በአንድ ጣት አንጠልጥላችሁ በጥፍር ምቱ። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ብየዳው ለቋል። ስትገጥሙት ቢነቃነቅ ተዉት። ብረቱ እንደተጠማዘዘ ገመድ ያለ ጌጥ ያለው ጥንታዊ ቱቦ ከሆነ ለግድግዳ ያምራል፤ ለዛሬ ጥይት ግን መሣሪያ ጠጋኝ ሳያየው አይሆንም። የሰነዱና የብረቱ መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን ደግሞ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ትናንት ማታ ልጁ ፎቶ ላከልኝ። ካዝናው ግድግዳው ላይ ነው፤ አራቱም ብሎኖች ይታያሉ። ውስጡ ባዶ ነው። ከፎቶው ሥር «አሁንስ የቱን ልግዛ?» ብሎ ጽፏል።

ቅዳሜ ና አልኩት። የባለቤቴን ታጣፊና የእኔን አውቶማቲክ ሃምሳ ሃምሳ ይተኩስባቸዋል። ሁለት ሰደርያ ይዤ እሄዳለሁ።